ኳስ ሳይመታ የኳሱን ገበያ የቀየረው ፒት ሮዜል

የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን ገበያ ተናግቷል። ለ30 ዓመታት ያህል እንደ ወርቅ ማዕድን ሲታፈስ የነበረው የኬብል ቴሌቪዥን ደንበኞቹ እየጣሉት ነው። ዝነኛው የስፖርት ቻናል ኢኤስፒኤን በ2011 ወደ 100 ሚሊዮን ቤቶች ይገባ ነበር፤ ከአስር ዓመት በላይ ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ቁጥሩ ከ70 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የየከተማውን የስፖርት ቻናሎች ጠቅልሎ የያዘው ዳይመንድ ስፖርትስ ግሩፕ ደግሞ በማርች 2023 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። ከእሱ ኪስ ይጠብቁ የነበሩ የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ክለቦች ምን ይዋጠን አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል አንድ ሊግ ግን ንቅንቅ አላለም። ሞላላዋን ኳስ የሚያጫውተው ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በ2021 ከቴሌቪዥንና ከኢንተርኔት ኩባንያዎች ጋር የ11 ዓመት ውል ሲፈራረም ጠቅላላ ድምሩ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሌላው ሲያለቅስ እሱ ይቆጥራል። ለምን? መልሱን የሚፈልግ ሰው ወደ አንድ ረዥም፣ ረጋ ያለና ፈገግታ የማይለየው ሰውዬ ታሪክ መመለስ አለበት። ሰውየው ከሞተ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ስሙ ፒት ሮዜል ይባላል። በፕሮፌሽናል ደረጃ አንዲት ኳስ ሳይመታ፣ ክለብ ሳይኖረው፣ የዓለምን የስፖርት ገበያ የቀየረ ሰው ነው።

የካሊፎርኒያው ልጅ

ሙሉ ስሙ አልቪን ሬይ ሮዜል ነው። የተወለደው ማርች 1 ቀን 1926 በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው ሳውዝ ጌት ነው። ፒት የሚለውን ስም ያወጣለት አጎቱ ሲሆን ገና በልጅነቱ የተለጠፈበት ስም እስከ መቃብር አብሮት ሄዷል። ያደገው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ስትንገዳገድ በነበረበት ዘመን ነው።

በኮምፕተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ይወድ ነበር። በኋላ ታላቅ የቤዝቦል ኮከብ የሆነው ዱክ ስናይደር የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። ስናይደር ዱላውን ይዞ ወደ ዝናው ሲሄድ ሮዜል ግን ችሎታው እዚያ እንደማያደርሰው ቶሎ ገባው። በ1944 ትምህርቱን ጨርሶ ባህር ኃይል ገባ፣ የጦርነቱን ማብቂያም በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በነዳጅ ጫኝ መርከብ አሳለፈ።

ዕድል የሚሉት ነገር መጣ ከተባለ የመጣው በ1946 ነው። ሮዜል ከባህር ኃይል ተመልሶ ኮምፕተን ኮሌጅ በገባበት ዓመት ራምስ የተባለው ክለብ ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ልምምዱንም እዚያው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አደረገ። ወጣቱ በትርፍ ሰዓቱ የክለቡን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል መርዳት ጀመረ። ወረቀት ማባዛት፣ ጋዜጠኛ ማስተናገድ፣ የተጫዋቾችን ቁጥር መመዝገብ... ሥራው ይኸው ነበር። ሆኖም እዚያ የተማረው ነገር በኋላ ሚሊዮኖች አምጥቶለታል። ጋዜጠኛ ምን እንደሚፈልግ፣ ወሬ እንዴት እንደሚሸጥ አወቀ።

ቀጥሎ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የስፖርት ቡድኖቹን የማስተዋወቅ ሥራ ያዘ። በ1952 ወደ ራምስ ተመልሶ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ፣ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ በግል ድርጅት ሠራ፣ በ1957 ደግሞ ገና በ31 ዓመቱ የራምስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተደርጎ ተሾመ። የክለቡ ባለቤቶች እርስ በርስ የማይነጋገሩ ጠበኞች ስለነበሩ የሚያስፈልጋቸው ሁለቱንም ወገን የሚያረጋጋ ሰው ነበር። ሮዜል ለዚህ የተፈጠረ ነው።

23 ጊዜ ድምፅ የተሰጠበት ምርጫ

በኦክቶበር 1959 የሊጉ ኮሚሽነር በርት ቤል በፊላደልፊያ ስታዲየም ጨዋታ እየተመለከተ በልብ ድካም ሞተ። በጃንዋሪ 1960 የክለቦቹ ባለቤቶች ተተኪውን ለመምረጥ ማያሚ ቢች በሚገኝ ሆቴል ተሰበሰቡ። ጉድ ፈላ! ግማሹ ማርሻል ሌሂ የተባለውን የሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ ይላል፤ ሌላው ወገን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ቀናት አለፉ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ተቆጠረ፣ እንደገና ተሰጠ። ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

ሰው ሲሰለቸው መሀል መንገድ ይፈልጋል። ከባለቤቶቹ መካከል የ33 ዓመቱን የራምስ ሥራ አስኪያጅ ስም ያነሳ ተገኘ። ስለ እሱ ሲወያዩ ከአዳራሹ ውጣ ስለተባለ ሮዜል የሚሄድበት ቢያጣ መፀዳጃ ቤት ገብቶ ቆየ። ሰው በገባ ቁጥር ዝም ብሎ የቆመ እንዳይመስል እጁን ይታጠባል። ሲመጡ ይታጠባል፣ ሲወጡ ያቆማል። በ23ኛው የድምፅ አሰጣጥ ኮሚሽነር ሆኖ ሲመረጥ እጆቹ የዚያን ቀን በሆቴሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ንፁህ ነበሩ ማለት ይቻላል። እሱም ይህንኑ እያነሳ ራሱ ላይ ይቀልድ ነበር።

ብዙዎች ልጁ ለአንድ ዓመት እንኳን አይቆይም ብለው ነበር። 29 ዓመት ቆየ።

ሀብታሙም ድሀውም እኩል

ሮዜል ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያደረገው ቢሮውን ከፊላደልፊያ ዳርቻ ወደ ኒውዮርክ ማዛወር ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ያሉት እዚያ ነዋ! ገንዘቡም እንደዚያው።

ያኔ እያንዳንዱ ክለብ የቴሌቪዥን መብቱን ለብቻው ይሸጥ ነበር። የኒውዮርኩ ጃይንትስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተመልካች ስላለው ጥሩ ዋጋ ያገኛል። በአንዲት ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ የሚጫወተው ግሪን ቤይ ፓከርስ ግን ማን ይገዛዋል? በዚህ ከቀጠለ ትልቁ ትንሹን እየዋጠው ሊጉ ራሱ እንደሚሞት ሮዜል ተረዳ። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። ሁሉም ክለብ መብቱን ለሊጉ ይስጥ፣ ሊጉ አንድ ላይ ይሽጥ፣ ገንዘቡን እኩል ይካፈሉ።

ሐሳቡን ከሰማይ ያመጣው እሱ ብቻ አይደለም። በላማር ሀንት መሪነት የተቋቋመው ተቀናቃኙ ኤኤፍኤል በ1960 ከኤቢሲ ጋር ሲፈራረም ገንዘቡን እኩል ለመካፈል ተስማምቶ ነበር። አዲስ ሊግ ሲመሠረት መካፈል ግን ቀላል ነው፣ ማንም ገና ምንም የለውምና። የሮዜል ፈተና የበላውን ሰው ከሳህኑ ቀንስ ማለት ነበር። ሮዜል ባለቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞረ አነጋገረ። የኒውዮርኩ የማራ ቤተሰብ፣ የቺካጎው ጆርጅ ሃላስና የሎስ አንጀለሱ ዳን ሪቭስ፣ ማለትም ብዙ የሚያጡት ሦስቱ የትልልቅ ከተማ ሰዎች እሺ አሉ። ሰንሰለት የሚጠነክረው በደካማው ቀለበት ልክ ነው የሚለውን ክርክር ተቀበሉት።

ባለቤቶቹን ቢያሳምንም ፍርድ ቤት ግን አልቀለደም። ሊጉ ከሲቢኤስ ጋር የተፈራረመውን ውል በ1961 አንድ የፌዴራል ዳኛ የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሮዜል ወደ ዋሽንግተን ተሳፈረ። ከቢሮ ቢሮ እየዞረ የኮንግረስ አባላቱን አሳመነ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1961 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሊጎች የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ እንዲሸጡ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያች ፊርማ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1962 ሲቢኤስ በዓመት 4.65 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ለ14 ክለቦች ሲካፈል ለአንዱ ወደ 330 ሺህ ይደርሰዋል። ለ1964 አዲስ ጨረታ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 14.1 ሚሊዮን ዶላር ገባ፤ ለያንዳንዱ ክለብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማለት ነው። የግሪን ቤይ ድርሻ ከኒውዮርኩ ድርሻ አንድ ሳንቲም አያንስም። ያቺ ትንሽ ከተማ ክለቧን ይዛ እስከ ዛሬ በሊጉ የቆየችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሱፐር ቦውልና የሰኞ ምሽት

ከተቀናቃኙ ሊግ ጋር የነበረው ፉክክር የተጫዋች ዋጋ ሰማይ ስላደረሰው በጁን 1966 ሁለቱ ሊጎች ለመዋሀድ ተስማሙ። ለዚህም የኮንግረስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሮዜል የሉዊዚያና ግዛትን የሚወክሉ ሁለት ኃያላን ፖለቲከኞችን ይዞ ሕጉን አሳለፈ። ብዙም ሳይቆይ የሉዊዚያናዋ ኒው ኦርሊንስ አዲስ ክለብ ተሰጣት። አይ ሰውየው! እንዲህ ያለውን ስጥቶ መቀበል ያውቅበታል።

በጃንዋሪ 1967 የሁለቱ ሊጎች ሻምፒዮኖች ሎስ አንጀለስ ላይ ተገናኙ። ግሪን ቤይ ካንሳስ ሲቲን 35 ለ 10 አሸነፈ። ዛሬ ሱፐር ቦውል የሚባለው ያ ነው። የሚገርመው ግን ያን ዕለት ስታዲየሙ አልሞላም። ከ90 ሺህ በላይ በሚይዘው ሜዳ የተገኘው ወደ 62 ሺህ ሰው ነው። ሱፐር የሚለው ቃል ለሮዜል ጆሮ አይጥመውም ነበር፤ ስሙን ያመጣው ላማር ሀንት ነው። እግር ኳስ ወዳዶች ሀንትን በሌላም ያውቁታል፤ የአሜሪካ የእግር ኳስ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ቀጥሎ የሮዜል ዓይን ያረፈው ሰኞ ማታ ላይ ነው። እሁድ ሞልቷል፤ በሥራ ቀን ምሽት ግን ሰው ድራማ ነው የሚያየው ይባል ነበር። ሲቢኤስና ኤንቢሲ የተሳካ ፕሮግራማችንን አንነካም ብለው እምቢ አሉ። በተመልካች ሦስተኛ የነበረው ኤቢሲም ያመነታ ነበር። ሮዜል ጨዋታውን ለሌላ ጣቢያ እንደሚሰጥ ሲያስወራ ግን ኤቢሲ ዘሎ ያዘው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1970 ክሊቭላንድ የኒውዮርኩን ጄትስ 31 ለ 21 ባሸነፈበት ጨዋታ የሰኞ ምሽት ፉትቦል ተጀመረ። ሩን አርሌጅ የተባለው የኤቢሲ ስፖርት አለቃ ካሜራ ጨመረ፣ ድጋሚ ምስል ጨመረ፣ ሃዋርድ ኮሴል የተባለውን አወዛጋቢ ተንታኝ ጨመረበት። ኳሱን የማይወድ ሰው እንኳን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ስፖርት በምሽት ከድራማ ጋር ተፎካክሮ ሊያሸንፍ እንደሚችል የታየው ያኔ ነው።

ያልተሳካለት

ሮዜል መልአክ አልነበረም። በኖቬምበር 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አርብ ዕለት ተገድለው ሀገሩ በሀዘን ተቀምጦ ሳለ እሁድ ጨዋታዎቹ እንዲካሄዱ ወሰነ። ከመወሰኑ በፊት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን የዋይት ሀውስ ቃል አቀባይ ፒየር ሳሊንጀርን አማክሮ ነበር። ጨዋታዎቹ ተካሄዱ፣ ትችቱ ግን እንደ በረዶ ወረደበት። እስኪሞት ድረስ ያዘነበት ውሳኔ ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ግን ጥርሱን አሳይቷል። የግሪን ቤዩን ኮከብ ፖል ሆርኑንግንና የዲትሮይቱን አሌክስ ካራስን በውርርድ ምክንያት ለአንድ የውድድር ዘመን ያህል አገዳቸው። ሊጉ ስም ከጠፋበት ቴሌቪዥን አይገዛውም የሚል ሒሳብ ነበረው። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት በዓመቱ መጨረሻ የዓመቱ የስፖርት ሰው ብሎ የመረጠው እሱን ነው።

ሌላው ደጋፊውን ያበሳጨው ነገር በሜዳ የሚደረግ ጨዋታ በዚያው ከተማ ቴሌቪዥን እንዳይታይ ማድረጉ ነው። ትኬት እንዳይሸጥ ያደርጋል ብሎ ይሰጋ ነበር። ኮንግረሱ በ1973 ጣልቃ ገብቶ ትኬቱ ከ72 ሰዓት በፊት ተሽጦ ካለቀ ጨዋታው እንዲተላለፍ አስገደደ። ሮዜል ተቃውሞ ተሸነፈ። ስታዲየሞቹ ግን አልተራቆቱም። ትኬቱን ይገድላል ብሎ የፈራው ቴሌቪዥን ራሱ ኳሱን ያስተዋውቅለት ነበር።

ሰማንያዎቹ ደግሞ የመከራ ዘመን ሆኑበት። በ1982 ከሦስቱ ጣቢያዎች ጋር ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ። ተጫዋቾቹ ይህን ሁሉ ገንዘብ ሲያዩ የእኛስ ድርሻ የት አለ አሉና ለ57 ቀናት አድማ መቱ። የ16 ጨዋታው ዘመን ወደ 9 ወረደ። በዚያው ዓመት የኦክላንዱ ሬይደርስ ባለቤት አል ዴቪስ ሊጉን በፍርድ ቤት አሸንፎ ክለቡን ወደ ሎስ አንጀለስ ይዞ ሄደ። በ1986 ደግሞ ዩኤስኤፍኤል የተባለ ተቀናቃኝ ሊግ ከሶት ዳኞቹ ኤንኤፍኤል ጥፋተኛ ነው ብለው ካሳውን አንድ ዶላር አደረጉት። በሕጉ መሠረት በሦስት ተባዝቶ 3 ዶላር ሆነ። ሮዜል ያሸነፈ ቢመስልም በየፍርድ ቤቱ የቆመበት ጊዜ ጉልበቱን ጨርሶት ነበር።

ኬብል ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኢኤስፒኤን ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1979 ከኮነቲከት ግዛት፣ ብሪስቶል ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቢል ራስሙሰን የተባለ ከሥራ የተባረረ ሰው የጀመረው፣ በጌቲ ኦይል ገንዘብ የቆመ ጣቢያ ነው። ሌት ተቀን ስፖርት ማን ያያል ተብሎ ተሳቀበት።

ጣቢያው መጀመሪያ ከሮዜል የለመነው ጨዋታ አልነበረም። ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበትን ስብሰባ በቀጥታ እናስተላልፍ አሉት። ስም እየተጠራ የሚነበብበትን ስብሰባ ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብሎ ተገረመ፣ ሆኖም ፈቀደ። በኤፕሪል 1980 ተላለፈ። ዛሬ ያ ስብሰባ ራሱን የቻለ ትልቅ ትዕይንት ሆኗል።

ከዚያ 1987 መጣ። የቴሌቪዥን ተመልካች ቀንሶ ሦስቱ ትላልቅ ጣቢያዎች ከስረናል እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ የሚከፍሉትንም መቀነስ ፈለጉ። ሮዜል ጎደሎውን የሚሞላበት አዲስ ኪስ ያስፈልገው ነበር። ያን ኪስ ኬብል ላይ አገኘው። ኢኤስፒኤን ለሦስት ዓመት 153 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በየዓመቱ 13 ጨዋታዎችን ወሰደ። ኖቬምበር 8 ቀን 1987 ጃይንትስና ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሲገናኙ የሊጉ መደበኛ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በኬብል ታየ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ሮዜል ደጋፊውን አልረሳም። ኬብል የሌለው ሰው የከተማውን ክለብ እንዳያጣ ጨዋታው በሁለቱ ተጋጣሚ ከተሞች በነፃ፣ በአንቴና እንዲታይ ውሉ ላይ አስገብቷል። ሁለተኛው የገንዘቡ አሠራር ነው። ነፃው ቴሌቪዥን የሚኖረው በማስታወቂያ ብቻ ነው። ኬብል ግን ሁለት ላም አለው። ከማስታወቂያው ይታለባል፣ በየወሩ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ከሚሰበሰበው ክፍያም ይታለባል። ኢኤስፒኤን ኤንኤፍኤልን ከያዘ በኋላ የኬብል ኩባንያዎቹን ክፍያ ጨምሩ አላቸው፤ እነሱም ኳሱን ማጣት ስለፈሩ ጨመሩ፤ ሒሳቡን ደግሞ ደንበኛው ላይ ጫኑ። ኳስ የማታይ አሮጊት ሳትቀር በየወሩ ለኳስ ትከፍላለች ማለት ነው! ቀጣዩን 30 ዓመት የተጫዋቹንም የክለቡንም ኪስ የሞላው ይህ አሠራር ነው።

ስንብት

በማርች 1989 ሮዜል ስብሰባ ላይ ሳይታሰብ በቃኝ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ይባላል። በኖቬምበር ሥልጣኑን ለጠበቃው ፖል ታግሊያቡ አስረክቦ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ። ሲረከብ 12 የነበሩት ክለቦች 28 ደርሰዋል። ዲሴምበር 6 ቀን 1996 ራንቾ ሳንታ ፌ በሚገኘው ቤቱ በአንጎል ካንሰር በ70 ዓመቱ አረፈ። ታይም መጽሔት የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታላላቅ ሰዎች ሲመርጥ ከንግዱ ዓለም ሰዎች መካከል አካቶታል።

ኬብሉ ሲቆረጥ

ሮዜል ቢኖር ዛሬ ምን ይል ነበር ማለት ዋጋ የለውም። የሠራው ሥራ ግን ራሱ ይመሰክራል። ኬብል ሲወድቅ መጀመሪያ የተመቱት መብታቸውን ለየብቻ የሸጡት ናቸው። በቤዝቦል እያንዳንዱ ክለብ የአካባቢውን የቴሌቪዥን መብት ለብቻው ሲሸጥ ኖሯል። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ከ2014 ጀምሮ የ25 ዓመትና ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል ሲኖረው፣ ትንንሾቹ ከዳይመንድ የሚመጣውን ይጠብቁ ነበር። ዳይመንድ ሲወድቅ አብረው ተንገዳገዱ። በሜይ 2023 የሳንዲያጎውን ፓድሬስ ጨዋታ ሊጉ ራሱ ካሜራ ይዞ ለማስተላለፍ ተገደደ። ሮዜል በ1960 የሸሸው ችግር ይኸው ነው።

ኤንኤፍኤል ግን አንድ ሆኖ ስለሚሸጥ ከኬብሉ ወደ ኢንተርኔቱ ሲሻገር እግሩ አልተደናቀፈም። ከ2022 ጀምሮ የሐሙስ ምሽቱን አማዞን በዓመት ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከአካባቢ ውጭ ያሉ የእሁድ ጨዋታዎችን የያዘውን ሰንደይ ቲኬትን በ2023 ዩቲዩብ ወሰደው። በ2024 የገና ዕለት ሁለት ጨዋታ ኔትፍሊክስ ላይ ታየ። ኢኤስፒኤንም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በኦገስት 2025 ኬብል ለሌለው ሰው በቀጥታ በኢንተርኔት በወር 29.99 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በዚያው ወር ኤንኤፍኤል የራሱን ቻናል ለኢኤስፒኤን ሰጥቶ በምትኩ 10 በመቶ ድርሻ ሊወስድ መስማማቱ ይፋ ሆነ። በ1987 በዓመት 51 ሚሊዮን ይከፍል የነበረ ጣቢያ ዛሬ በዓመት 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይከፍላል። ከ50 እጥፍ በላይ!

ታዲያ ሁሉም ደስተኛ ነው? ደጋፊው አይደለም። ድሮ አንድ አንቴና የሰቀለ ሰው ሁሉንም ያይ ነበር። በኋላ አንድ ኬብል በቃው። አሁን ሐሙስ ለአንዱ፣ ሰኞ ለሌላው፣ ገና ሲመጣ ለሦስተኛው ይከፍላል። ኬብሉን የቆረጠው ገንዘብ ለማዳን ነበር፤ ሲደምረው ያው ሊሆን ምንም አይቀረው። ደጉ ነገር የከተማው ክለብ ጨዋታ አማዞን ላይ ቢሆንም በዚያ ከተማ በነፃ ጣቢያ መታየቱ አልቀረም። ሮዜል በ1987 ውል ላይ ያስገባት ነገር አልሞተችም።

ሕጉም ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። የ1961ዱ ሕግ የተጻፈው በነፃ ለሚታይ ቴሌቪዥን ነው፤ የሚከፈልበትን አይመለከትም የሚል ክርክር ያላቸው የሰንደይ ቲኬት ደንበኞች ሊጉን ከሰሱ። በጁን 2024 የሎስ አንጀለስ ዳኝነት ጉባኤ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ይከፈል አለ። በኦገስት ዳኛው ውሳኔውን ሻሩት፣ ከሳሾቹም ይግባኝ አሉ። ሮዜል ከኬኔዲ ያስፈረማት ወረቀት ከ60 ዓመት በኋላም ፍርድ ቤት ትቆማለች ማን ብሎ ነበር?

ይህ ሁሉ ለእግር ኳሱ ሩቅ አይደለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ሲመሠረት ከሀገር ውስጥ የቴሌቪዥን ገቢው ግማሹ ለሁሉም ክለብ እኩል እንዲካፈል የተደረገው ከዚሁ ሐሳብ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ትንሹ ክለብ ትልቁን አንዳንዴ የሚጥለው በዚህ ገንዘብ ጉልበት ነው። በስፔን ግን ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና የየራሳቸውን መብት ሲሸጡ ኖረው በጋራ መሸጥ የተደነገገው በ2015 የመንግሥት አዋጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ሊጉ የሁለት ሰው ሊግ ሆነ የሚለው ሐሜት ዝም ብሎ አልመጣም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በ2020 መጨረሻ በሱፐርስፖርት መታየት የጀመረው ክለቦቹ በአክሲዮን ማኅበር ተሰባስበው ነው። የሱፐርስፖርት ባለቤት መልቲቾይስ ራሱ ደንበኛ እየሸሸው በ2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ተጠቅልሏል። በዲኤስቲቪ ቤት ጥቂት ብር ከፍሎ አርሰናልንና ማንቸስተርን የሚያየው የአዲስ አበባ ወጣት ይህ ማዕበል የሚነካው አይመስለውም ይሆናል። ጨዋታው ነገ በየት ጣቢያ፣ በስንት ብር ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን የእሱም ጥያቄ ነው።

የፒት ሮዜል ታሪክ ለክለቦች የሚተወው ትምህርት አጭር ነው። መሣሪያው ይለዋወጣል። አንቴናው በኬብል ተተካ፣ ኬብሉ በኢንተርኔት እየተተካ ነው፣ ኢንተርኔቱንም ሌላ ነገር ይተካው ይሆናል። ለየብቻ የቆመ ክለብ ገዢው በወደቀ ቁጥር አብሮ ይወድቃል፤ አንድ ላይ የሸጠና እኩል የተካፈለ ግን ገዢውን ይለውጣል እንጂ አይወድቅም። ይህን ያወቀው ኳስ የማይመታው፣ በማያሚ ሆቴል መፀዳጃ ቤት እጁን ሲታጠብ የዋለው ሰውዬ ነው።